የዕቅድ ውይይት፦ የማይኒንጉ ፕሮፖዛል ከመጻፉ በፊት ቤታችን ምን ያህል ኮረንቲ ይችላል?

ጸሐፊ፦
ሰላም ጀማው። ባለፈው ስብሰባ የተነሳውን የማይኒንግ ጉዳይ እዚህ እንጨርሰው። ላልነበራችሁ በአጭሩ፦ እዚህ ድሬዳዋ አንዳንድ አባላት ከቁጠባ ማኅበራችን ተበድረው ቢትኮይን የሚያወጣ ማሽን ሊገዙ፣ በየቤታቸውም ሊተክሉ ጠይቀዋል። ሌሎችም ተራ ይዘዋል። ኮሚቴው ለየብቻ ከመፍቀድ አንድ የጋራ ፕሮፖዛል ይዘጋጅ ብሏል። ስለዚህ "ያዋጣል ወይ" ከማለታችን በፊት "ቤቱ ይችለዋል ወይ" እንበል። የምትሉትን ጻፉ፣ ረቂቁን እኔ አስተካክላለሁ። እባካችሁ የድምፅ መልእክት አትላኩ። ሦስት ደቂቃ አዳምጬ አንድ ቁጥር የምለቅምበት ጊዜ የለኝም።

አባል ከሳቢያን፦
አቦ ነገሩን አታክብዱት። የምናስበው ማሽን አንትማይነር ኤስ19 ፕሮ ነው፤ 3,250 ዋት ይበላል። የእንጀራ ምጣድም እኮ ከዚህ አይርቅም። ምጣድ የቻለ ቤት ይሄን እንዴት አይችልም?

ኤሌክትሪሺያኑ፦
ምጣዱን ማንሳትህ ጥሩ ነው፣ በእሱው ላስረዳ። ምጣድ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይሰካል። ተጋግሮ ሲያልቅ ይነቀላል፣ ሽቦውም ይቀዘቅዛል። ማሽኑ ግን አይነቀልም። ሌት ተቀን፣ ወሩን ሙሉ ይጎትታል። የኛ የቤት መስመር የተዘረጋው እረፍት አለ ተብሎ ነው።

አሁን ቁጥሩ። 3,250 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 14.8 አምፔር ይመጣል። አብዛኛው የሶኬት መስመር 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ነው። 16 ከ14.8 ይበልጣል ብላችሁ እንዳትረኩ። ሳያቋርጥ ለሚሠራ ጭነት የሙያው ልማድ ከብሬከሩ 80 በመቶ አትለፍ ይላል። የ16 አምፔር 80 በመቶ 12.8 ነው። አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ማሽኑ የራሱ 20 አምፔር ብሬከር፣ የራሱ ቢያንስ 4 ካሬ መስመርና በደንብ የተቀበረ የመሬት ሽቦ ይፈልጋል። በኤክስቴንሽን የሚሰካ ካለ ከአሁኑ ይንገረኝ፣ ቤቱ አልደርስም።

ድሬ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ሙቀቱ። የሽቦ አቅም በሠንጠረዥ የሚጻፈው በ30 ዲግሪ ተለክቶ ነው። የተለመደው ፒቪሲ ሽቦ ዙሪያው 40 ዲግሪ ሲሆን አቅሙ በ0.87 ይባዛል፣ 50 ዲግሪ ሲሆን በ0.71። ከቆርቆሮው ስር ኮርኒሱ ላይ በቀትር ስንት እንደሚሆን የወጣ ሰው ያውቀዋል። በቱቦ ውስጥ 24 አምፔር የሚችል 2.5 ካሬ ሽቦ እዚያ 17 ይቀረዋል። ማሽኑ 15 ሊወስድ፣ በዚያው መስመር ላይ ፍሪጅ አለ፣ ቬንትሌተር አለ። ብሬከሩም ራሱ በሙቀት ስለሚሠራ በግንቦትና በሰኔ ያለ ጥፋቱ ቶሎ ይወርዳል። ያኔ አንዱ ተናዶ በትልቅ ብሬከር ይቀይረዋል። እሳቱ የሚመጣው ያን ቀን ነው።

አባል ከሳቢያን፦
እሺ ጋሼ፣ የራሱን መስመር ዘረጋን እንበል። አለቀ?

ኤሌክትሪሺያኑ፦
የቤትህ አለቀ። የሰፈሩ ይቀራል። ማታ ሁሉም ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል አይደል? አምፖል ሲሆን ይደበዝዛል፣ ያልፋል። የማሽኑ ፓወር ሰፕላይ ግን የሚፈልገውን ዋት አይቀንስም። ቮልቱ ሲወርድ አምፔሩን ይጨምራል። በ200 ቮልት 16.25 አምፔር ይሆናል። ሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በአምፔሩ ካሬ ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ ያቺ የአንድ አምፔር ተኩል ጭማሪ ሙቀቱን 21 በመቶ ገደማ ታሳድገዋለች። ፓወር ሰፕላዩ የተሠራው ከ200 እስከ 240 ቮልት ነው። ከ200 በታች ሲወርድ ይጠፋል፣ ሲመለስ ይነሳል። እንዲህ እየሆነ ዕድሜው አያምርም።

ትራንስፎርመሩን ደግሞ አስቡት። 100 ኬቪኤ (በግምት 100 ኪሎዋት) ነው እንበል። አሥር አባል አሥር ማሽን ቢተክል 32.5 ኪሎዋት ነው። ሲሶው ሄደ። ትራንስፎርመር የሚያርፈው ሌሊት ነበር፤ አሁን ሌሊትም አያርፍም። ሁሉም አንድ ፌዝ (ከሦስቱ የኮረንቲ መስመሮች አንዱ) ላይ ከወደቁ የባሰ ነው። እና ሲቃጠል የሚጨልመው የባለ ማሽኑ ቤት ብቻ አይደለም።

ባለ ግቢዋ ከከዚራ፦
ልጆቼ፣ የቢትኮይኑን አልገባኝም፣ እሱን ተዉት። የኔ ግቢ አራት ተከራይ አለ፣ ቆጣሪው አንድ ነው። ቢሉን ለጭንቅላት እንካፈላለን። ከተከራዮቼ አንዱ የናንተ አባል ነው፣ ስሙን አልጠራም። እሱ ይሄን ከተከለ የሌሎቹን ማን ይከፍላል? ደግሞ ይጮኻል አሉ። እኛ በሙቀቱ ወር ግቢ አንጥፈን ነው የምንተኛው።

ኤሌክትሪሺያኑ፦
እውነትዎን ነው እትዬ። ድምፁ 75 ዴሲቤል ይጠጋል። አጠገቡ ቆሞ ለማውራት መጮኽ ያስፈልጋል። ሙቀቱም ያው ነው፤ የበላው ኮረንቲ በሙሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ክፍል ውስጥ 3,250 ዋት ማሞቂያ ሌት ተቀን ማብራት ማለት ነው። ድሬዳዋ ላይ!

ገንዘብ ያዥ፦
የቢሉን ጥያቄ እኔ ልያዘው፣ እትዬ ዋናውን ነገር ነክተውታልና።

አንድ ማሽን በቀን 78፣ በ30 ቀን 2,340 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው። ከ50 በታች ያለው ዝቅተኛው ነው፣ ከ500 በላይ ያለው የመጨረሻው ውዱ። ማሽኑ ብቻውን ከ500 አራት ጊዜ ተኩል በላይ ነው። ስለዚህ "እኔ ባለፈው ወር ይሄን ያህል ነው የከፈልኩት" የሚለው ሒሳብ አይሠራም፤ እሱ በትንሹ እርከን የተከፈለ ነው። በጋራ ቆጣሪ ላይ ከሆነ ደግሞ ሻይ አፍልታ የምታድረው ተከራይም ከማሽኑ ጋር ውዱ እርከን ላይ ትወጣለች።

ሌላው፣ ታሪፉ ባለበት አይቆምም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ነው የተወሰነው። የዛሬን ዋጋ ይዞ የሁለት ዓመት ብድር ማስላት አይቻልም።

እስቲ ገቢውን ደግሞ እንየው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ማሽኖች በስሌት ተወዳድረው ለሚያወጡት አንድ ብሎክ (የዝውውሮች መዝገብ ገጽ በሉት) የሚሰጠው ሽልማት ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ወርዷል። በቀን 144 ብሎክ ገደማ ይወጣል፣ ስለዚህ ለዓለም ሁሉ የሚከፋፈለው በቀን 450 ቢትኮይን ነው። የኔትወርኩ አቅም፣ ማለትም የዓለም ማሽኖች የስሌት ፍጥነት ድምር፣ እ.ኤ.አ. በ2025 1,000 ኤክሳሃሽ ደርሷል፤ አንዱ ኤክሳሃሽ አንድ ሚሊዮን ቴራሃሽ ነው። የኛ ማሽን 110 ቴራሃሽ ነው። ድርሻችን በወር 0.0015 ቢትኮይን ገደማ ይሆናል። ቢትኮይን 100 ሺህ ዶላር ነው ብዬ ላስላው፦ 150 ዶላር። ለ2,340 ሲካፈል 6.4 ሳንቲም። ማለትም ኪሎዋት ሰዓቱ ከ6.4 የአሜሪካ ሳንቲም ካለፈ ኪሳራ ነው። ዋጋው 60 ሺህ ቢሆን መስመሩ 3.8 ሳንቲም ላይ ይወርዳል። በዚህ ውስጥ የማሽኑ ዋጋ የለም፣ የፑሉ (አብረው የሚያወጡ ማይነሮች ኅብረት) ኮሚሽን የለም፣ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት የለም፣ የብድር ወለድም የለም።

አባል ከሳቢያን፦
ትልልቆቹ ታዲያ እንዴት አዋጣቸው? እዚሁ አገር እኮ ነው የሚሠሩት።

ጸሐፊ፦
እነሱ ከኛ ሱቅ አይገዙም። ለቤት የሚሸጥልን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ትልልቆቹ የሚዋዋሉት ከአመንጪው፣ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ነው። ሰብስቴሽን አጠገብ ሰፍረው በከፍተኛ ቮልቴጅ ይወስዳሉ፣ በዶላር ይከፍላሉ። ዋጋው ከ3 ሳንቲም ትንሽ ከፍ እንደሚል በሰፊው ተዘግቧል። ያም በር ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2025 የተቋሙ ኃላፊዎች አዲስ ማይነር መቀበል ማቆማቸውን ተናግረዋል። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ስለተመረቀ ኮረንቲ ሞልቷል የምትሉኝ አላችሁ። 5,150 ሜጋዋቱ ትክክል ነው። እሱን ግን በሳቢያን ትራንስፎርመር ውስጥ አሳልፉልኝ።

ነጋዴው ከመጋላ፦
ያገለገለ ኤስ9፣ የቆየውን የአንትማይነር ሞዴል፣ በርካሽ የሚያመጣልኝ ሰው አለ። 1,320 ዋት ብቻ ነው፣ ሽቦውን አያስጨንቅም። ወላሂ ዋጋው ጥሩ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ሽቦውን አያስጨንቅም፣ ኪስዎን ግን ያስጨንቃል። 13.5 ቴራሃሽ ነው ያለው። በወር 950 ኪሎዋት ሰዓት በልቶ ቅድም ባሰላሁት ዋጋ 18 ዶላር ገደማ ያመጣል። 1.9 ሳንቲም ላይ ያልቅለታል። በርካሽ የሚሸጡት ለዚህ ነው።

አባል ከሳቢያን፦
ሶላርስ? ፀሐይ እንደሁ አልጠፋ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦
በቀን 78 ኪሎዋት ሰዓት ለማግኘት፣ ደህና ፀሐይ አምስት ሰዓት ብትቆጥር፣ ብክነቱን ሳታስብ 15.6 ኪሎዋት ፓኔል ያስፈልግሃል። ከ550 ዋቱ 29 ቢያንስ። ለሌሊቱ ባትሪ ጨምርበት። ያን ያህል ፓኔል ካለኝ በረዶ ሠርቼ አሸዋ ገበያ ብሸጥ ይሻለኛል።

ነጋዴው ከመጋላ፦
ነፃ ንግድ ቀጠናው ውስጥ ቦታ ብንጠይቅስ?

ገንዘብ ያዥ፦
በኛ ቁጠባ? ይለፈን።

ጸሐፊ፦
ሕጉን ሳንረሳ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በአገር ውስጥ መገበያያው ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ መክፈል እንደማይፈቀድ ገልጿል። በዚያው ዓመት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ኢንሳ፣ በማይኒንግና በዝውውር የተሰማሩትን ሊመዘግብ ጥሪ አቅርቧል። ስለዚህ አባላችን ያወጣውን ቢትኮይን በምን መንገድ ወደ ብር ለውጦ ብድሩን እንደሚመልስ መልስ ያስፈልገናል። "አንድ ልጅ አለ፣ ይመነዝርልኛል" ፕሮፖዛል ውስጥ አይጻፍም።

የእስካሁኑን ይዤ ረቂቁን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

"ማኅበሩ በመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ላይ ለሚተከል የማይኒንግ ማሽን ብድር አይሰጥም፤ አባላትም እንዳይተክሉ ይከለክላል። በምትኩ ማኅበሩ ለጥገና ሥራ የያዘው ቤት ስሪ ፌዝ መስመር እንዲገባለት ለአገልግሎቱ ያመለክታል። በማመልከቻው የሰፈሩ ትራንስፎርመር ቀሪ አቅም እንዲለካ፣ የንግድ ታሪፉና የመስመሩ ክፍያ በጽሑፍ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ማይኒንግን በሚመለከት ስለ ፈቃድና ስለ ገንዘብ ልውውጥ ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የጽሑፍ መልስ ሳይገኝ ውሳኔ አይሰጥም።"

አባል ከሳቢያን፦
"ይከለክላል" የሚለውን አልቀበልም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ገንዘቤ ማኅበሩ ምን አገባው? ብድሩን ከልክሉ፣ እሺ።

ባለ ግቢዋ ከከዚራ፦
በገዛ ቤትህ አይደለማ ልጄ፣ በኔ ቤት ነው። (አሁን ስሙን ጠራሁት መሰለኝ።)

ኤሌክትሪሺያኑ፦
ልጁ አንድ እውነት አለው። መከልከል አንችልም፣ ማንም ቤት ገብተን አንነቅልም። ግን እንዲህ ይጻፍ፦ በራሱ ገንዘብ የሚተክል አባል ለብቻው መስመር ዘርግቶ በባለሙያ ያሳይ፣ ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የባለቤቱንና የተከራዮቹን ፊርማ ያምጣ። ፊርማውን ካገኘ እኔም አጨበጭባለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
እስማማለሁ። የስሪ ፌዙ ሐሳብ ደግሞ ማይኒንጉ ቢቀርም አይባክንም። የብየዳ ማሽኑ፣ ኮምፕረሰሩ፣ የፍሪጅ ጥገናው፣ ሁሉም ይፈልገዋል። እንዲያውም ማመልከቻው ላይ እነሱን እናስቀድም። ላለን ሥራ መጠየቅ ይቀላል።

አባል ከሳቢያን፦
ማይኒንጉን እንዲህ አድርጋችሁ ቀበራችሁት ማለት ነው። ይሁን፣ ፊርማ የሚለውን እቀበላለሁ።

ጸሐፊ፦
ተስማማን። "ይከለክላል" ወጥቷል፣ የኤሌክትሪሺያኑ ዓረፍተ ነገር ገብቷል፣ የጥገናው ሥራ ከፊት መጥቷል። እሁድ ጠዋት ኤሌክትሪሺያኑ ክላምፕ ሜትር (የአምፔር መለኪያ) ይዞ ከእትዬ ግቢ ይጀምራል፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ቮልቴጁን ድጋሚ ይለካል። ሁላችሁም የሦስት ወር ቢል ፎቶ አንስታችሁ ለገንዘብ ያዥ ላኩ። ካርድ ቆጣሪ ያላችሁ የሞላችሁበትን ደረሰኝ። የቆጣሪ ቁጥሩን ሸፍኑት።