«ዳውን» መቼ ነው መስተዋድድ፣ መቼ ነው ተውሳከ ግስ?

ጠያቂ፦ እንግሊዝኛ ላይ «ኢን»፣ «አፕ»፣ «ዳውን» አንዳንዴ መስተዋድድ (ፕሪፖዚሽን)፣ አንዳንዴ ተውሳከ ግስ (አድቨርብ) ይባላሉ። ቃሉ ያው ሆኖ ሳለ በምን ይለያል?

መልስ 1፦ ከኋላው የሚመጣውን ማየት ነው። መስተዋድድ ስም ወይም ተውላጠ ስም ያስከትላል። «ሂ ፌል ዳውን ዘ ስቴርስ» ሲባል «ዳውን» ደረጃውን ስላስከተለ መስተዋድድ ነው። «ሂ ፌል ዳውን» ብሎ ካበቃ ግን ተውሳከ ግስ ነው።

መልስ 2፦ ልክ ነው፣ ግን ሁለት ቦታ ያሳስታል። «ኋት አር ዩ ሉኪንግ አት?» ውስጥ «አት» ብቻውን የቀረ ይመስላል፤ ተሳቢው «ኋት» ወደ ፊት ስለሄደ እንጂ መስተዋድድ ነው። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ላይ ደግሞ ስም ቢከተለውም «ኦፍ» ከግሱ ጋር የተጣመረ ተውሳከ ግስ ነው። ማረጋገጫው ቦታ ማቀያየር ነው፤ «ተርን ዘ ላይት ኦፍ» ይባላል። ተውላጠ ስም ከሆነማ መሃል መግባቱ ግዴታ ነው፦ «ተርን ኢት ኦፍ» እንጂ «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም። በተቃራኒው «ሉክ አት ኢት»ን «ሉክ ኢት አት» ማለት አይቻልም።

መልስ 3፦ እኛን በብዛት የሚጥለን «ጎ ቱ ሆም» ነው፤ «ወደ ቤት» የሚለውን ቃል በቃል ስለምንገለብጥ። እዚህ ላይ «ሆም» ራሱ ተውሳከ ግስ ስለሆነ «ቱ» አያስፈልገውም። «ሄር»ና «ዜር»ም እንዲሁ። «ማይ» ከገባ ግን ስም ይሆናልና «ጎ ቱ ማይ ሆም» ትክክል ነው።

ጠያቂ፦ «አይ ሜት ሂም ቢፎር ለንች» ላይ ያለው «ቢፎር»ስ?

መልስ 1፦ መስተዋድድ። «ለንች» ከወጣ ተውሳከ ግስ፣ «ቢፎር ሂ ሌፍት» ከተባለ ደግሞ መስተጻምር (ኮንጃንክሽን)።