መርማሪ የደንበኛን የጎግል ፍለጋ ቢጠይቅ ኢንተርኔት ቤቱ ምን አለው? ምንስ ይሰጣል?

ሳቢያን_08
ሰላም የድሬ ልጆች። ጥያቄው ሳቢያን ላለ ኢንተርኔት ቤት ነው። 10 ኮምፒውተር፣ አንድ ራውተር፣ ዊንዶውስና ክሮም። ደንበኛው ተማሪ፣ ዲቪ የሚያስሞላ፣ ፎርም የሚያሳትም ነው። መርማሪ መጥቶ «በዚህ አይፒ (የኢንተርኔት መስመሩ መለያ ቁጥር)፣ በዚህ ቀን፣ ይህን ቃል ጎግል ላይ የፈለገው ማን ነው?» ቢል እኛ ጋ ምን ይገኛል? ቴሌ ጋስ? ያለ ፍርድ ቤት ወረቀት መስጠት አለብን? የሰው ገመና ሳይወጣ፣ ሕግም ሳይጣስ ቤቱ እንዴት ይደራጅ?

መስመር_ጠጋኝ
የተፈለገ ቃል ሦስት ቦታ ሊኖር ይችላል ተብሎ ይታሰባል፤ ኮምፒውተሩ ላይ፣ መስመሩ ላይ፣ ጎግል ጋ። ብዙ ሰው የሚፈራው መስመሩን ነው። ቃሉ ግን መስመሩ ላይ አይነበብም። ጎግል የሚሠራው በኤችቲቲፒኤስ (የሚያልፈውን ይዘት በሚቆልፍ ግንኙነት) ስለሆነ ቴሌ የሚያየው ከየት መስመር ወደ የትኛው ድረ ገጽ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ያህል ዳታ እንዳለፈ ነው። ይህ ማለት መስመሩ ምንም አይናገርም ማለት አይደለም። ሰውየው ከውጤቶቹ አንዱን ሲነካ የሚከፈተው ድረ ገጽ ስም በዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ አይፒ ቁጥር የሚቀይር) ጥያቄ ውስጥ ብዙ ጊዜ በግልጽ ያልፋል። የአንድ ክሊኒክ ድረ ገጽ ከተከፈተ ቃሉን ያላየ ሰውም ይገምተዋል።

ቃሉ በደንብ ያለው ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው። ክሮም የጎበኘውን ገጽ ዝርዝር እስከ 90 ቀን ያቆያል፤ የፍለጋው ቃልም አድራሻው ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል። በአማርኛ ከተፈለገ አድራሻው ላይ ፊደሉ በፐርሰንት ምልክትና በቁጥር ተበታትኖ ይታያል፣ አንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ። የገጹ ርዕስ ላይ ግን ጥርት ብሎ በአማርኛ ይነበባል።

ከሁሉም የከፋው ጣጣ ይኼ ነው፦ ተማሪው ጂሜይሉን ከፍቶ፣ ሳይዘጋ ሒሳብ ከፍሎ ይወጣል። ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው የሚፈልገው ሁሉ በመጀመሪያው ልጅ አካውንት ላይ ይመዘገባል። ከወራት በኋላ ጎግል በሕጋዊ መንገድ ተጠይቆ መዝገቡን ቢሰጥ የሚወጣው የዚያ ልጅ ስም ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ክሮም በእንግዳ ሁነታ (Guest mode) ብቻ እንዲከፈት አድርጉ፤ ሁሉም መስኮት ሲዘጋ ታሪኩም የተከፈተው አካውንትም አብሮ ይጠፋል። አንድ ነገር ግን አይጠፋም፦ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ የወረደ ፋይል። የሰው ፓስፖርትና የቀበሌ መታወቂያ ስካን የሚከማችበት እሱ ስለሆነ፣ ለእኔ ከፍለጋው ታሪክ የበለጠ አስጊ ነው። ለዚህ ዲፕ ፍሪዝ የመሰለ፣ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ሲነሳ ወደ ነበረበት የሚመልስ ሶፍትዌር ጫኑና በደንበኛና በደንበኛ መካከል አስነሱት። ኢንኮግኒቶ (የክሮም የግል መስኮት) የሚደብቀው ከቀጣዩ ተጠቃሚ ነው፤ ከመስመሩም ከጎግልም አይደብቅም።

አንቀጽ_26
የሕጉን ልጨምር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም ይላል። ገደብ የሚደረገው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ በዝርዝር ሕግ ነው፤ ምክንያቶቹም ተቆጥረዋል፦ ብሔራዊ ደኅንነት፣ የሕዝብ ሰላም፣ ወንጀል መከላከል፣ ጤና፣ የሕዝብ ሞራል፣ የሌሎች መብት።

ዝርዝሩ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ውስጥ አለ። አንቀጽ 24 አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ ዳታን ቢያንስ 1 ዓመት እንዲያቆይ ያዛል። ትራፊክ ዳታ ማለት መነሻ፣ መድረሻ፣ ሰዓት፣ ቆይታ፣ መጠን ነው፤ የፍለጋው ቃል ይዘት ነውና እዚህ ውስጥ አይገባም። የሚቆየውም ዳታ ፍርድ ቤት ካላዘዘ በስተቀር በምስጢር ይያዛል። አንቀጽ 25 ደግሞ ግንኙነትን እየተካሄደ ሳለ መከታተልን ይመለከታል፤ መርሑ የፍርድ ቤት ፈቃድ ነው። በአስቸኳይ ጊዜ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ፈቃድ ይጀመርና ምክንያቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ይቀርባል። (አዋጁ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሚለው ሥልጣን አሁን የፍትህ ሚኒስቴር ነው።)

አዋጁ «አገልግሎት ሰጪ» ያለው ሰፊ ስለሆነ ኢንተርኔት ቤት አይመለከተውም ብላችሁ አትዝናኑ። የአሳሹን ታሪክ ማጥፋት ሌላ፣ የራውተሩን ሎግ (የግንኙነት መዝገብ) ማጥፋት ሌላ ነው። ሎጉን ስለማቆየት ከጠበቃ ጋር ተነጋገሩ።

መርማሪ ሲመጣ መታወቂያውን በትህትና ጠይቁ። የትዕዛዙን መዝገብ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም፣ የተጠየቀውን ነገርና የጊዜ ወሰን አንብቡ፣ ኮፒ አስቀሩ። ትዕዛዙ የአንድ ምሽት ከሆነ የአንድ ምሽቱን ስጡ እንጂ 10ሩን ሃርድ ዲስክ አታስረክቡ። የሰጣችሁትንም በዝርዝር ጽፋችሁ አስፈርሙ። ትዕዛዝ ከመጣ በኋላ ግን አንዲት ፋይል እንዳትነኩ፤ ያኔ ማጥፋት ማስረጃ ማጥፋት ነው።

ፈረስ_መጋላ
ከሐረር ነኝ። ማንም ያላነሳው ሰዓቱን ነው። የውጭ ኩባንያ መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፤ የእኛ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድመዋል። ምሳሌ፦ መዝገቡ ጃንዋሪ 10 ቀን 2025፣ 22:30 ይላል እንበል። እንዳለ የገለበጠው ሰው «ጥር 2 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 4:30» ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው 3 ሰዓት ተጨምሮበት ከሌሊቱ 7:30 ነው፤ ለቅዳሜ ጥር 3 አጥቢያ። በ4:30 ቤቱ ክፍት ነበር፣ አንድ ምስኪን ተማሪም ወንበሩ ላይ ነበር። በ7:30 ግን ቤቱ ዝግ ነው፤ መስመሩን የተጠቀመው የዋይፋዩን ይለፍ ቃል የያዘ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «በየትኛው የሰዓት አቆጣጠር?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የዋይፋዩንም ይለፍ ቃል ቀይሩት።

ገንደ_ቆሬ
አቦ፣ መንግሥት አይይ ካልን የአጭበርባሪው ነገር እንዴት ይሁን? በሐሰት ሊንክ የሰው ብር የሚወስድ ሌባ መያዝ አለበት። የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?

አንቀጽ_26
ሌባው ይያዝ፤ እዚያ ላይ አንለያይም። ልዩነቱ «ይህ ተጠርጣሪ ምን ፈለገ?» በሚለውና «ይህን ቃል የፈለገ ሁሉ ይውጣ» በሚለው መካከል ነው። ሁለተኛው አሜሪካ ውስጥ ይሠራበታል። በ2020 እ.ኤ.አ. ዴንቨር ላይ ቤት ተቃጥሎ ሰዎች ሲሞቱ፣ ፖሊስ ከቃጠሎው በፊት በነበሩት 15 ቀናት የዚያን ቤት አድራሻ የፈለጉትን ሁሉ ከጎግል ጠየቀ። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2023 ፖሊሶቹ በቅን ልቦና ነው የሠሩት ብሎ ማስረጃውን ተቀበለ። አንድ የቤት አድራሻን የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው፤ ቃሉ ጠባብ ስለነበረ ተጠርጣሪ ላይ አደረሰ።

አሁን ወደ ድሬ አምጣው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማዋን ሲያዳርስ ከከዚራ እስከ መጋላ ስልክ የያዘ ሁሉ ምን ይፈልግ ነበር? ያን ቃል የፈለገ ይውጣ ቢባል የሚወጣው የከተማው ሕዝብ ነው፤ ማን እንዳመመው፣ የማን ልጅ ትኩሳት እንደያዘው አብሮ ይወጣል። ስም ቢደበቅ ምን አለበት የሚል ካለ፣ ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ ኢንተርኔት ኩባንያ በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ ፍለጋዎችን በስም ፋንታ ቁጥር ሰጥቶ ለተመራማሪዎች ለቀቀ። ጋዜጠኞች ቃላቱን ብቻ አንብበው የአንዲት ባልቴት ደጃፍ ላይ ደረሱ። ሴትዮዋ የፈለገችው ስለ ሕመምና ስለ ውሻዋ ነበር። ምን ልትደብቅ ኖሮ ነው?

በዚያው ዓመት የአሜሪካ ፍትህ መሥሪያ ቤት ጎግልን የሰዎችን የፍለጋ ቃላት ጠይቆ ነበር። ዳኛው 50,000 የድረ ገጽ አድራሻ ይስጥ ብለው ወሰኑ፤ የፍለጋ ቃል ግን አንድም እንዲሰጥ አላዘዙም። ጥያቄውን የሚያጠብ ዳኛ መሀል ሲኖር እንዲህ ነው።

ሳቢያን_08
እጅግ አመሰግናለሁ። ከአንድ አይፒ ጀርባ 10 ማሽን ካለ የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል?

መስመር_ጠጋኝ
በአይፒ ብቻ አይለይም። የምንጭ ፖርት ቁጥሩ (ለእያንዳንዱ ግንኙነት የሚሰጠው ቁጥር) እና እስከ ሰከንድ የተጻፈ ሰዓት መዝገቡ ላይ መኖር አለበት፤ ከዚያ በራውተሩ የናት ሎግ (የትኛው ማሽን በየትኛው ፖርት እንደወጣ በሚጽፈው መዝገብ) ይዛመዳል። ብዙ ራውተር ሎጉን የሚይዘው ጊዜያዊ ሜሞሪው ላይ ስለሆነ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ይጠፋል። ወረቀቱ አይፒ ብቻ ከያዘ «በዚህ መረጃ ማሽኑን መለየት አይቻልም» ብላችሁ በጽሑፍ መልሱ። በግምት «ቁጥር 6 ላይ የተቀመጠው ልጅ ይመስለናል» እንዳትሉ።