ሰውን በፎቶ ግዙፍ ማስመሰል

ጥያቄ፦ ቆሜ ሳነሳ ሰውየው ከጀርባው ካለው ሕንፃ አንጻር ያንሳል። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ በርከክ ብለህ ካሜራውን ከጉልበቱ በታች አውርድና ሽቅብ አንሳው። በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ (ሰፊ እይታ ባለው) 1.5 ሜትር ያህል ቅረበው። ርቀህ ዙም ካደረግህ ሕንፃውም አብሮ ይገዝፋል፤ ልፋትህ ከንቱ!

መልስ 2፦ ከዚያ በላይ ከተጠጋህ ግን ጫማው ገዝፎ ጭንቅላቱ ሎሚ ያክላል። ሰማዩ ስለሚያበራም ፊቱ ይጠቁራል፤ ኤክስፖዠሩን 1 ስቶፕ ጨምር፤ ማለትም ብርሃኑን እጥፍ አድርገው።

መልስ 3፦ ሕንፃውን በእጁ የያዘ ለማስመሰል ከሆነ ችግሩ ፎከስ ነው፤ አንዱ ከደበዘዘ ይነቃብሃል። በፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር በሆነ)፣ በዚያው 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ኤፍ 16 ላይ (የሌንሱን ቀዳዳ አጥብበህ) ፎከሱን 1.2 ሜትር ላይ አድርገው፤ ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ ሩቁ ጥርት ይላል። በስልክ ከሆነ ጀርባውን የሚያደበዝዘውን ፖርትሬት ሞድ አጥፋው።

ጠያቂ፦ ለካ ዙሙ ነው ጉዱ!