ፊልሙን አይቶ በቀጥታ ወደ ክፍል ሁለት መጽሐፍ መግባት ይቻላል?

የማታ አንባቢ
የጄኒ ሃንን «ቱ ኦል ዘ ቦይስ አይቭ ላቭድ ቢፎር» በኔትፍሊክስ አይቼዋለሁ፤ መጽሐፉን ግን አላነበብኩትም። አሁን እጄ የገባው ክፍል ሁለት፣ «ፒ ኤስ አይ ስቲል ላቭ ዩ» ነው። ፊልሙ ይበቃኛል ወይስ የግድ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ልነሳ? የክፍል ሁለትን መጨረሻ እንዳትነግሩኝ አደራ!

ቀይ እስክሪብቶ
አይበቃሽም። ችግሩ ሁለቱ የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ነው። ፊልሙ ዋናዋን ገጸ ባሕሪ ላራ ጂንንና በማስመሰል ፍቅረኛዋ ሆኖ የጀመረውን ፒተርን አስታርቆ፣ ሜዳ ላይ አሳስሞ ያበቃል። መጽሐፉ ግን የሚዘጋው ገና እንደተኳረፉ፣ እሷ ደብዳቤ ልትጽፍለት ስትጀምር ነው። ክፍል ሁለት የሚነሳው ከዚያ ስለሆነ ከፊልሙ የመጣ ሰው «እነዚህ ታርቀው አልነበር እንዴ?» ማለቱ አይቀርም።

ሁለቱ በትምህርት ቤት ጉዞ ላይ ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ሲሳሳሙ የተቀረጸው ቪዲዮም እንደዚያው ነው። ፊልሙ ውስጥ እዚያው ፈንድቶ እዚያው ይበርዳል። በመጽሐፉ ክፍል አንድ ላይ ያለው ወሬው ብቻ ነው፤ ቪዲዮው ኢንስታግራም ላይ የሚለቀቀው በክፍል ሁለት፣ ፍቅራቸው ገና እውነተኛ ሆኖ ሲጀምር ነው። «ያለፈ ጉዳይ» ብለሽ ካነበብሽው የላራ ጂን ድንጋጤ የተጋነነ ይመስልሻል።

ሰብለ
ጊዜ ካጠረሽ ከክፍል አንድ ከትምህርት ቤቱ የበረዶ መንሸራተቻ ጉዞ እስከ መጨረሻው ያለውን ብቻ አንብቢ። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ አንድ ምሽት አይፈጅም። ላራ ጂን የፍቅር ደብዳቤ የጻፈችላቸውን አምስቱን ወንዶች ደግሞ ወረቀት ላይ ያዢ፦ ፒተር፣ ጆሽ፣ ጆን አምብሮዝ፣ ሉካስ፣ ኬኒ። ለክፍል ሁለት ዋናው ጆን አምብሮዝ ነው፤ ግን አስቀድሞ የሚመጣው ደብዳቤው እንጂ እሱ አይደለም። ብዙ ሰው መሀል ላይ የሚሰለቸው እሱን ሲጠብቅ ነው።

ገጽ ገላጭ
ሰብለ ልክ ናት፣ እኔ ግን ሙሉውን ብታነቢው እመርጣለሁ። የጎረቤታቸው ልጅ ጆሽ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ክብደት ፊልሙ ላይ የለም፤ የላራ ጂን ታላቅ እህትና የጆሽ የቀድሞ ፍቅረኛ ማርጎ ከስኮትላንድ ስትመለስ በእህትማማቾቹ መካከል ያለው ቅሬታ ያለ እሱ አይገባም።

ሁለተኛውን ፊልም ደግሞ አስቀድመሽ እንዳታዪ። እዚያ ጆን አምብሮዝ በአረጋውያን መኖሪያ ከላራ ጂን ጋር በበጎ ፈቃድ የሚያገለግል ልጅ ሆኗል፤ መጽሐፉ የሚያገናኛቸው በሌላ መንገድ ነው። ስም በዕጣ ደርሷቸው እየተደባበቁ አንዱ ሌላውን ከጨዋታ የሚያስወጣበት ትልቁ ክፍልም ፊልሙ ላይ የለም። እኔ ብጠየቅ የመጽሐፉ ምርጥ ገጾች እነዚያ ናቸው።

አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ተራኪዋ ራሷ ላራ ጂን ናት። ስለ ፒተርና ስለ ቀድሞ ፍቅረኛው ጄኔቪቭ የምትነግርሽ የጠረጠረችውን ነው፤ ፒተር በዓይኗ ፊት ያደረገውንና እሷ የገመተችውን ለይተሽ ካላነበብሽ ቶሎ ትፈርጂበታለሽ። የአባቷንና የጎረቤታቸውን ነገርም እንደ ማሟያ አትዝለዪው፣ ክፍል ሦስት ላይ ትልቅ ቦታ አለው።

የማታ አንባቢ
በቃ ከአንድ እጀምራለሁ። ክፍል ሦስትንስ አብሬ ልፈልግ?

ቀይ እስክሪብቶ
አትቸኩዪ። ክፍል ሁለት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ታሪኩ እዚያ እንዲያልቅ ታስቦ ነበር፤ ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2017 የመጣው በኋላ ነው። ሁለተኛው ላይ ብታቆሚም ተንጠልጥሎ የሚቀር ነገር የለም። ከቀጠልሽ ግን ታሪኩ በመጽሐፉ ቨርጂኒያ፣ በፊልሙ ፖርትላንድ መሆኑን አትርሺ፤ የዩኒቨርሲቲ ምርጫው ሁሉ የተለያየው በዚህ ነው።