የጉማራ አፍ ደለል፦ የጋራ ዕቅዳችን ረቂቅ

ጸሐፊ፦ እንደምን አመሻችሁ። እሁድ የጀመርነውን ረቂቅ ዛሬ እንጨርሰው። ሐሳቡን ያገኘሁት ከካናዳ ነው። በብርዱ ወራት ወንዙ ግግር በረዶ ይሆንና መኪና ይሄድበታል። ውፍረቱን ለማወቅ ከሄሊኮፕተር ወይም ከድሮን የራዳር ሞገድ (ዕቃ ሲነካ ነጥሮ የሚመለስ የሬዲዮ ሞገድ) ይልካሉ። አንዱ ማሚቶ ከበረዶው ገጽ ይመለሳል፤ ሌላው በረዶና ውሃ ከሚገናኙበት። በመሃል ያለው ጊዜ ውፍረቱን ይናገራል። እኛስ የጉማራ ወንዝ ጣና ሐይቅ ውስጥ የደፋውን ደለል በድሮን ብንለካ?

የፊዚክስ መምህርቷ፦ ውሃ እንደ በረዶ ገር አይደለም። ራዳር በበረዶ ውስጥ በአንድ ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) 17 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል፤ በውሃ ውስጥ 3 ከምናምን። ከአየር የመጣው አብዛኛው ገና የውሃው ፊት ላይ ነጥሮ ይመለሳል። የተረፈውን ድፍርሱ ይውጠዋል። ካናዳዎቹም በረዶው ላዩን ሲቀልጥ ይቸገራሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ የድሮን ፈቃዱንስ ማን ሊያመላልስ ነው? አምና ለአንዲት ካሜራ ጫማዬ አልቋል።

ጋሼ (ታንኳ ሠሪው)፦ እኔ ራዳር የሚባል አላውቅም። ከሰማይ እምቢ ካለ ከታንኳ ላይ አይሆንም?

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ይኸው መጣ! ታንኳ ደንገል ነው፣ እንደ ብረት ጀልባ ማሚቶውን አይበጠብጥም። አንቴናውን ውሃው ላይ ካስተኛነው ገጹ ላይ የሚባክነው ይቀንሳል። ጨው በሌለው ውሃ ጥቂት ሜትር ድረስ ያያል። ጣና ራሱ ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ወንዙ አፍ ላይማ ጭራሽ ጥልቀት የለውም። ግን የሚያሳየን የደለሉን ጣሪያ ነው። ሸክላ ከበዛበት ታችኛውን አናየውም።

ጋሼ፦ ታችኛውን ለእኔ ተዉት። ቀርቀሃዬን ስሰካ መጀመሪያ እንደ ቅቤ ይገባል። ከዚያ ጠጠር ይላል፣ እጄ ያውቀዋል። ሁለቱም ጋ በቢላ ምልክት አደርጋለሁ። ደግሞ መጋቢት ይሁን። ነሐሴ ላይ ጉማራ ጭቃ ነው የሚፈሰው፤ ከዝናቡ በኋላ ደግሞ እምቦጩ መቅዘፊያ አያስገባም።

ተማሪው፦ ካናዳዎቹም በረዶውን በስተው በሜትር ያመሳክራሉ። የጋሼ ቀርቀሃ ያው ነው!

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ድሮኑ ወጣ። ርዕሱ «ከታንኳ ላይ የሚደረግ የደለል ልኬት» ሆኗል። ራዳሩን በውሰት እንጠይቃለን፤ ደብዳቤውን መምህርት ታርቅቅ። የቀረ ነገር አለ?

ገንዘብ ያዥ፦ የጋሼ ውሎ አበል በጀቱ ውስጥ የለም። ከራዳሩ በላይ ጻፈው።