አስቸኳይ፦ ኢኤስፒኤን ጠፋብኝ፣ ለሊት ጨዋታ አለ

የማርቆስ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ ድረሱልኝ። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ከባድ ዝናብ ጥሎ በዲሽ የማየው የስፖርት ቻናል ኢኤስፒኤን ጠፋ። «ሲግናል የለም» ይላል። ለሊት 9 ሰዓት ተኩል የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ) ጨዋታ አለ፣ ታናሽ ወንድሜ የቡድኑን ልጆች ሁሉ ጠርቷል። ዕቃ መሸጫ ሄጄ ስጠይቅ «እሱ እኮ የኬብል ቻናል ነው፣ የራሱ ኬብል ያስፈልገዋል» ብሎ 30 ሜትር ሊሸጥልኝ ነበር። ልግዛ?

ዳሞቴው፦ ክፍያህ አልቆ ይሆናል። ከፍለህ ሪሲቨሩን አጥፍተህ አብራው።

የማርቆስ ልጅ፦ ትናንት ነው የከፈልኩት።

የጮቄ ነፋስ፦ ኧረ እንዳትገዛ! «የኬብል ቻናል» የተባለው አሜሪካ ውስጥ ቤት ለቤት ገመድ የዘረጉ ድርጅቶች ስለሚያደርሱት ነው። ጣቢያው ራሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሳተላይት ነው የተሰራጨው። ቢል ራስሙሰን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1978 ከአንድ የሆኪ ቡድን ሥራው ተሰናበተ። ከልጁ ከስኮት ጋር ሆኖ የኮነቲከት ግዛትን ጨዋታዎች በኬብል ለማሳየት አሰበ። የሳተላይት ኪራይ ሲጠይቁ ግን በየማታው 5 ሰዓት ከመከራየት ሙሉ 24 ሰዓቱን መውሰድ ረከሰላቸው! ለአንድ ግዛት የታሰበው ነገር ያኔ የአገር ሙሉ ሆነ። ጌቲ ኦይል የሚባል የነዳጅ ድርጅት ገንዘብ አስገባ፣ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1979 ብሪስቶል ከምትባል ከተማ ስርጭት ጀመሩ። ከዚያ ወደ ሰማይ ይልካሉ፣ የኬብል ድርጅቶቹ በየከተማው በዲሽ ተቀብለው በገመድ ቤት ያስገባሉ። ያንተ ዲሽ እዚያው ቆርቆሮህ ላይ ነው፤ የእነሱ ገመድ ምን ያደርግልሃል?

አባይ ማዶ፦ ታሪኩ ይቆየን፣ ልጁ ቸኩሏል። ዲሽህ ፊት ለፊት ባሕር ዛፍ የለም? የኔን የጋረደው እሱ ነው።

የቡሬ ቴክኒሻን፦ ማርቆስ ከተማ 38 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ ናት፣ የዚህ ቻናል ሳተላይት 36 ላይ ነው። ከራሳችን በላይ ማለት ይቻላል። ቅርንጫፉ ዲሹ ላይ ካልተደፋ በስተቀር ዛፍ አይጋርደውም። ይልቅ ወንድምዓለም፣ ሌሎቹ ቻናሎችስ?

የማርቆስ ልጅ፦ ግማሾቹ ይሠራሉ። መናገሩን ረሳሁት።

ዳሞቴው፦ እንግዲያው ክፍያ ነው።

የቡሬ ቴክኒሻን፦ አይደለም። ሪሲቨሩ በገመዱ በኩል ለኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ለፊት ላለችው ሲግናል መቀበያ) 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል፣ ቻናሎቹ በዚያ ለሁለት ይከፈላሉ። ማያያዣው ላይ ውኃ ከገባ ቮልቱ ይወርድና ግማሹ ይጠፋል። አሁን ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀል። ዲሹ ጋ ያለውን የገመድ ጫፍ ፍታ። መሐል ያለችው መዳብ አረንጓዴ ከሆነች ሁለት ጣት ያህል ቁረጥ፣ ሽፋኑን ላጥ፣ አዲስ ማያያዣ ግጠም፣ በናስትሮ ጠቅልል። የሽቦ መረቡ መዳቧን እንዳይነካ! ሳይመሽ ውጣ፣ እርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል።

እትዬ የሺ ሠፈር፦ ሲስተካከል ንገረን፣ ቆሎ ይዘን እንመጣለን 😄

የማርቆስ ልጅ፦ አረንጓዴ ናት! ጫፏ እንደ ዱቄት ይፈረፈራል። ፒንሳ ከጎረቤት ልዋስ ሄድኩ።

የቡሬ ቴክኒሻን፦ ጎበዝ። ናስትሮውን ከታች ወደ ላይ ጠቅልል፣ ውኃ እንዳይገባ።

አባይ ማዶ፦ 9 ሰዓት ሆነ። መጣልህ?

የጮቄ ነፋስ፦ ወንድምዓለም?