ለ11ኛና 12ኛ ክፍል ልጆች የጂኦግራፊ እገዛ፦ ፕሮፖዛሉን እዚሁ እንጨርሰው

ፀሐፊ፦
ሰላም የማህበራችን አባላት እንዴት ሰነበታችሁ። የሶሻል ልጆችን በጂኦግራፊ እናግዛቸው ያልነው ነገር እስካሁን ወረቀት ላይ አልወረደም። ከአብዛኛው ሰው የሰማሁት ወርክሺት አባዝተን እናድል የሚል ነው፣ እኔ ግን ካርታ አስይዘን ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ እንውሰዳቸው ባይ ነኝ። ምክንያቴ የራሴ ነገር ነው፣ 12ኛ እያለሁ ኮንቱር ማለት እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዝ መስመር ነው ብዬ እንደ ዳዊት እደግመው ነበር፣ ፈተና ላይ ካርታ ሲመጣ ግን ቪ የሰሩትን መስመሮች አይቼ ሸለቆ ይሁን ተረተር መለየት አቃተኝ፣ ያውም ጦሳ በመስኮቱ ፊት ለፊት ተገትሮ! ይሄ መስመር ማለት ያ ተራራ ነው ብሎ ያሳየኝ ሰው አልነበረም። እስኪ ሃሳብ ስጡበት።

ከሰኞ ገበያ፦
ሃሳብህ ጥሩ ነው ወንድሜ፣ ግን እኔ የ12ኛ ክፍል ልጅ እናት ነኝና እውነቱን ልንገርህ፣ ልጄን እንቅልፍ የሚነሳት ዩኒቨርሲቲ ሄዳ የምትቀመጥበት ፈተና ነው፣ እሱ ደሞ የምርጫ ጥያቄ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ወጥታ ፎቶ ተነስታ ብትመለስ ምን ይጠቅማታል? ወርክሺቱ ይቅር ካላችሁ እኔ አልስማማም።

ጡረተኛ መምህር፦
እህቴ ልክ ነሽ፣ ሽርሽር ከሆነ ይቅር። ግን ወርክሺት ብቻውን ከንቱ ልፋት ነው፣ ስንቱን ልጅ አይቻለሁ። እኔ ሳስተምር ሳፋ ውስጥ ጭቃ እንደ ተራራ እቆልልና ውሃ በጣት ልክ እየጨመርኩ ውሃው የደረሰበትን በጭራሮ ዙሪያውን አስምራለሁ፣ ደግሞ እጨምራለሁ ደግሞ አስምራለሁ። ከዛ ውሃውን ደፍተን ከላይ ቁልቁል ስናየው ጭቃው ላይ ያለው ራሱ የኮንቱር ካርታ ነው። ገደል በሆነው በኩል መስመሮቹ ይጠጋጋሉ፣ ለጥ ባለው በኩል ይራራቃሉ፣ በጣቴ ቦይ ያወጣሁበት ጋ ደሞ መስመሩ ወደ ላይ ወደ ውሃው መነሻ ይሾላል፣ ተረተሩ ላይ ሹሉ ወደ ታች ነው። ይሄን በእጁ የሰራ ልጅ ምርጫም ቢመጣ አይስትም። ስለዚህ መጀመሪያ ሳፋው፣ ቀጥሎ ጉዞው፣ ጥያቄውም ካዩት ነገር ይውጣ።

ከኮምቦልቻ፦
እኛንም አትርሱን እንጂ! ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ፣ በየ1000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል በሚለው ካሰላነው 4 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ይመጣል። ጠዋት ጃኬት ለብሶ ከደሴ የተሳፈረ ሰው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ እኛ ጋ ሲደርስ የሚያወልቀው ለምን እንደሆነ በቁጥር ያዩታል፣ ደጋና ወይና ደጋም የመጽሐፍ ቃል ብቻ አይሆንባቸውም። ቴርሞሜትር ይዘን መንገድ ላይ እየለካን እንውረድ።

ጡረተኛ መምህር፦
ግሩም ነው ልጄ፣ አንድ ነገር ግን እናስተካክል። 3 ሰዓት ደሴ ላይ ለክተን 4 ሰዓት ኮምቦልቻ ላይ ብንለካ ፀሐይዋም ወጥታለች፣ ልዩነቱን ከፍታው ያምጣው ሰዓቱ ያምጣው አናውቅም። ሁለት ቴርሞሜትር ይሁን፣ የደሴ ልጆች እዚህ የናንተዎቹ እዛ፣ በአንድ ሰዓት፣ ጥላ ስር፣ ከመሬት እኩል ከፍ አድርገው ይለኩ።

ከኮምቦልቻ፦
ልክ ነዎት ጋሼ አላሰብኩትም። የዚህን ልጆች እኔ አስተባብራለሁ ኢንሻአላህ።

ከጦሳ ስር፦
እባካችሁ የመሬት መንሸራተትም ይግባ። የኛ ቤት የጓዳው ግድግዳ ክረምት በመጣ ቁጥር ስንጥቁ ይሰፋል፣ አባቴ በጭቃ ይደፍነዋል፣ በዓመቱ ያው ነው። ልጆቹ ግን መጽሐፉ ላይ ሲያነቡት የሩቅ አገር ነገር ይመስላቸዋል። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ አፈሩ ዝናብ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ስሩ ደሞ ለመንገድ ወይ ለቤት ሲቆረጥ የሚደግፈው ያጣል፣ በቃ ይሄን ቆመው ቢያዩት። ካርታው ላይ መስመሮቹ የተጠጋጉበትን ቦታ አስቀድመው ያክብቡና ሄደው ያመሳክሩ። የኛን ግድግዳ ማየት ይችላሉ፣ የሌላ ሰው ቤት ግን ሳይፈቀድ ፎቶ እንዳይነሳ።

ፀሐፊ፦
እሺ እንግዲህ እንዲህ ጽፌዋለሁ፣ የጎደለ ካለ ንገሩኝ። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ውስጥ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ የሳፋው ስራ፣ በሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት በሁለቱም ከተማ ሙቀት ይለካል፣ ከዛ ከጦሳ ስር ጀምረን በሐረጎ ወርደን ቦርከና ወንዝ ጋ እንጨርሳለን፣ ውሃው ከዚያ ወርዶ አዋሽ እንደሚገባም ካርታው ላይ ይከተሉታል። ካርታው 1:50,000 ይሁን፣ 2 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ለልጆቹ ይቀላል፣ የሐረጎን ጥምዝምዝ ደሞ ሲባጎ መንገዱ ላይ እያስተኙ ይለኩታል። በሳምንቱ ካዩት ነገር የወጣ 20 የምርጫ ጥያቄ ይሰራሉ፣ ከነማብራሪያው። የወላጅና የትምህርት ቤት ፈቃድ ሳይያዝ ማንም አይንቀሳቀስም። ካርታ ማሳተሚያና ሚኒባስ ኪራይ ከማህበሩ ካዝና እንዲወጣ እጠይቃለሁ።

ከሰኞ ገበያ፦
20ው ጥያቄ ከገባ እኔም አለሁበት፣ ማብራሪያው ግን ለምን ሌላው መልስ እንዳልሆነም ይናገር፣ ልጄ ሁሌ እሱ ነው የሚቸግራት። ሳፋውን እኔ አመጣለሁ፣ የልብስ ማጠቢያው ትልቅ ነው።